ከቡና ለቀማ በፊት፦ የኮምፒውተርን ሃርድ ዲስክ እንዳለ ገልብጦ ስለማስቀመጥ

በጅማ ዙሪያ ቀይ እሸት ቡና መልቀም የሚጀመረው በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ነው። ከዚያን ጊዜ አንሥቶ እስከ ታኅሣሥና ጥር ድረስ በጎማ፣ በማና፣ በሊሙ ኮሳ፣ በጌራና በሰቃ ጨቆርሳ ወረዳዎች የሚገኙ መሠረታዊ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ከአባሎቻቸው ቡና ይረከባሉ። አርሶ አደሩ ቡናውን አስመዝኖ፣ ደረሰኙን ተቀብሎ፣ የመጀመሪያውን ክፍያ ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሁለተኛው ክፍያ የሚመጣው ቡናው ከተሸጠ በኋላ፣ እያንዳንዱ አባል ባስረከበው ኪሎ ልክ ተሰልቶ ነው። ታዲያ ያ ኪሎ የት ተመዝግቦ ይቆያል? በካርቦን ደረሰኝና በመዝገብ ነው፤ ዛሬ ዛሬ ግን በብዙ ቦታ በሒሳብ ሹሙ ጠረጴዛ ላይ በተቀመጠች አንዲት ኮምፒውተር ውስጥም ነው።

በከተማውም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። በመንደራ ቆጪ፣ በሔርማታ ወይም በአጋሮ ከተማ ያለ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት፣ ፋርማሲ፣ የግል ክሊኒክ ወይም የቡና ነጋዴ ቢሮ የዓመታት ሥራውን በአንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ያኖራል። ብዙዎች ይህን የሚያስታውሱት ኮምፒውተሩ አልነሣም ባለ ዕለት ነው።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅም ከእነዚያ ብዙዎች አንዱ ነበር። ባለፈው ክረምት አንድ ምሽት መብራት ሄዶ ሲመለስ የቤቱ ኮምፒውተር ጥቁር ገጽ ላይ ቆሞ ቀረ። ደግነቱ ጽሑፎቹና ፎቶግራፎቹ በአብዛኛው በፍላሽ ተቀድተው ነበር። ነገር ግን ዊንዶውስን እንደገና መጫን፣ የአማርኛ መጻፊያውን ፈልጎ ማግኘት፣ ማተሚያውን ማስተዋወቅ፣ የጠፉትን የይለፍ ቃሎች ማስታወስ ስድስት ቀን ፈጀ። ለአንድ ዘጋቢ ስድስት ቀን የሚቻል ነው። በኅዳር ወር አጋማሽ፣ አርሶ አደሮች ቡና ተሸክመው በተሰለፉበት ሰዓት ለሚሠራ የማኅበር ሒሳብ ሹም ግን አይቻልም።

ፋይል መቅዳትና ሙሉ ግልባጭ

ባክአፕ ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው ሰነዶችን መርጦ ወደ ፍላሽ መቅዳትን ነው። ይህ መልካም ልማድ ነው፤ ሆኖም የሚያድነው የተመረጠውን ብቻ ነው። ቤት ሲቃጠል ልብስና ሣጥን እንደማውጣት ነው፤ ቤቱ ራሱ አይወጣም።

ዲስክ ኢሜጅ የሚባለው ዘዴ ከዚህ ይለያል። የመገልበጫው ፕሮግራም የሃርድ ዲስኩን ክፍልፋዮች፣ ኮምፒውተሩ ሲነሣ የሚያነበውን የመነሻ ክፍል፣ ዊንዶውስን፣ የተጫኑትን ፕሮግራሞች፣ ቅንብሮቹን፣ የፊደል ዓይነቶቹንና ሰነዶቹን በሙሉ አንድ ላይ ያነሣና በሌላ ዲስክ ላይ ያስቀምጣል። በዚህ ጽሑፍ ይህን ውጤት «ሙሉ ግልባጭ» እንለዋለን። ሃርድ ዲስኩ ቢሞት አዲስ ተገዝቶ ግልባጩ ይመለስበታል፤ ኮምፒውተሩም ግልባጩ በተነሣበት ቀን እንደነበረ ሆኖ ይነሣል። የግድግዳው ሥዕል እንኳ አይለወጥም።

በአገራችን ይህ ልዩነት ከሌላው ዓለም ይልቅ የሚሰማበት ሁለት ምክንያት አለ። አንደኛው ፒችትሪ ነው። በብዙ መሥሪያ ቤቶችና ማኅበራት የሚሠራበት ይህ የሒሳብ ፕሮግራም ስሙ ተለውጦ ሴጅ 50 ከተባለ ከአሥር ዓመት በላይ ቢሆነውም፣ አሮጌዎቹ ቅጂዎች ዛሬም በየቢሮው አሉ። የመጫኛ ሲዲው ጠፍቷል፤ መጀመሪያ የጫነው ባለሙያም ከከተማ ወጥቷል። የፒችትሪን የሒሳብ ፋይል ብቻ በፍላሽ የያዘ ሰው ፕሮግራሙን የሚጭንለት ካላገኘ የያዘው የማይከፈት ሣጥን ነው።

ሁለተኛው የፊደላችን ጉዳይ ነው። ዩኒኮድ ከመለመዱ በፊት በቪዥዋል ግዕዝና በመሰሎቹ የተጻፉ ደብዳቤዎች፣ ቃለ ጉባኤዎችና ውሎች ፊደሉ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈቱ ትርጉም የለሽ ምልክት ብቻ ያሳያሉ። ሰነዱ አልጠፋም፤ የሚያነበው ግን የለም። ሙሉ ግልባጭ ሰነዱን ከነፊደሉና ከነመጻፊያው ያድናል። የቆየ የማኅበር ቃለ ጉባኤ በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ ያለው ሁሉ ይህን ልብ ይበል፤ የመሬት ወይም የአባልነት ክርክር ሲነሣ የሚፈለገው ብዙ ጊዜ ያው አሮጌ ቃለ ጉባኤ ነው።

ዘዴው አዲስ አይደለም። በኒው ዚላንድ አገር መሪ ሃዛርድ የተባለ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1995 ጎስት የተባለውን ፕሮግራም ሠራ፤ ሲማንቴክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1998 ገዛው። በየጥገና ቤቱ የቆዩ ባለሙያዎች የጎስትን ስም ዛሬም ያስታውሳሉ።

ቅጂ በሌላ ቦታ

የማይተካን ነገር ገልብጦ በሌላ ቦታ ማኖር ለኢትዮጵያ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ በየገዳማቱና በየአብያተ ክርስቲያናቱ ያሉ የብራና መጻሕፍትን ገጽ በገጽ ፎቶ አንሥቶ፣ ግልባጩን በአዲስ አበባና በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት በኮሌጅቪል አስቀመጠ። ከ9 ሺህ በላይ መጻሕፍት በዚህ መንገድ ተነሥተዋል፤ ከካታሎጎቹ ብዙዎቹን ያዘጋጁትም ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። ሁለት ቅጂ፣ በሁለት አህጉር።

የእርሻ ትምህርት የተማረ ሰው ደግሞ ሌላ ምሳሌ ቅርቡ ያገኛል። የቡና ዘር እንደ ስንዴ ደርቆ በማቀዝቀዣ ለብዙ ዓመት አይቆይም፤ የመብቀል ኃይሉን ቶሎ ያጣል። ስለዚህ በጎማ ወረዳ በጮጬ የሚገኘው የቡና የመስክ ዘረመል ባንክ ዝርያዎቹን የሚጠብቀው በሕይወት ባሉ ዛፎች ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 እና በ1965 የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ልዑክ ከኢትዮጵያ ጫካዎች የሰበሰበው ዘርም በአገር ውስጥና በውጭ፣ ከእነዚህም አንዱ በኮስታሪካ ቱሪያልባ፣ ተተክሏል። ዛፉ በአንዱ ቦታ በበሽታ ቢያልቅ በሌላው እንዲገኝ ነው።

በኮምፒውተር ዓለም ግን ከሁሉ የሚነገረው ታሪክ የመርስክ ነው። ቡናችንን ጨምሮ የዓለምን ሸቀጥ በኮንቴይነር የሚያጓጉዘው ይህ የዴንማርክ የመርከብ ኩባንያ፣ ሰኔ 20 ቀን 2009 ዓ.ም. ኖትፔትያ በተባለ አጥፊ ቫይረስ ተመታ። በሰዓታት ውስጥ በብዙ አገር ያሉ ኮምፒውተሮቹ ጠፉ። ኩባንያው የሠራተኞቹን ማንነትና የመግባት ፈቃድ የሚመዘግቡ ወደ 150 የሚጠጉ ማዕከላዊ ኮምፒውተሮች ነበሩት፤ እርስ በርሳቸው ስለሚገለባበጡ አንዱ ለሌላው መጠባበቂያ ይሆናል ተብሎ ታስቦ ነበር። ሁሉም በአንድ መረብ ላይ ስለነበሩ ግን ሁሉም አብረው ተደመሰሱ፤ ከአንዱ በስተቀር።

የተረፈው ጋና ውስጥ የነበረው ነው። የተረፈበት ምክንያት ደግሞ እኛን የሚያስገርም አይደለም፦ ቫይረሱ ሲዛመት በጋና መብራት ጠፍቶ ኮምፒውተሩ ከመረቡ ተቋርጦ ነበር። መረጃውን በኢንተርኔት ወደ እንግሊዝ ለመላክ መስመሩ በጣም ቀርፋፋ ሆነ። ከጋና ቢሮ ሠራተኞች የእንግሊዝ ቪዛ የነበረው አልተገኘም። በመጨረሻም አንድ ሠራተኛ ሃርድ ዲስኩን ይዞ ወደ ናይጄሪያ በረረ፤ እዚያ አውሮፕላን ማረፊያ ለሌላ ባልደረባ አስረከበ፤ እርሱም ወደ ለንደን ወሰደው። ኩባንያው 4 ሺህ ሰርቨሮችንና 45 ሺህ ኮምፒውተሮችን እንደገና መጫን ነበረበት፤ ኪሳራውም ከ250 እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር ተገመተ።

ለእኛ የሚጠቅመው ፍሬ ነገር ይህ ነው። ከኮምፒውተሩ ጋር ሁልጊዜ ተሰክቶ የሚውል መጠባበቂያ ዲስክ ኮምፒውተሩን የሚመታው ነገር ሁሉ አብሮ ይመታዋል፤ ቫይረስም ይሁን ከፍ ብሎ የመጣ መብራት፣ ሌባም ይሁን እሳት። ግልባጩ ከተነሣ በኋላ ዲስኩ ይነቀላል፤ ከዚያም ሌላ ቤት ይቀመጣል።

የሚያስፈልገው ዕቃ

አንድ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክና አንድ ትንሽ ፍላሽ በቂ ናቸው። ፕሮግራሞቹ ባዶውን ቦታ ትተው ጽሑፍ ያለበትን ብቻ ስለሚያነሡና ስለሚያጭቁ፣ 500 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ ላይ 120 ጊጋባይት ብቻ ከተሞላ ግልባጩ ከ120 ያነሰ ይሆናል። ስለዚህ ባለ 1 ቴራባይት ዲስክ የአንድ ቢሮ ኮምፒውተር ብዙ ግልባጮችን ይይዛል።

በገበያ ላይ «2 ቴራ» ተብሎ በርካሽ የሚሸጥ ፍላሽ ግን መግዛት አይገባም። ብዙዎቹ ሐሰተኛ ናቸው፤ ትክክለኛ መጠናቸው ጥቂት ጊጋባይት ሲሆን ኮምፒውተሩን አታለው ብዙ ያሳያሉ። የተቀዳው ሁሉ የተቀዳ ይመስላል፤ ሲከፈት ግን የለም። ኤች ቱ ቴስት ደብሊው የተባለው ነጻ መመርመሪያ ፍላሹን ሞልቶ መልሶ በማንበብ እውነተኛውን መጠን ይናገራል። ከመግዛት በፊት ባይቻል እንኳ በተገዛበት ዕለት መፈተሽ ያስፈልጋል።

ስለ ዩኤስቢ መሰኪያም አንድ ቃል። ውስጡ ሰማያዊ የሆነው መሰኪያ ብዙ ጊዜ ዩኤስቢ 3 ነው። በአሮጌው ዩኤስቢ 2 መቶ ጊጋባይት ለመጻፍ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ በዩኤስቢ 3 ግን ከሃያ ደቂቃ ብዙ አይበልጥም። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ኤክስተርናል ዲስኩ በፋት 32 ሥርዓት ፎርማት የተደረገ ከሆነ ደግሞ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል ስለማይቀበል፣ መጀመሪያ ወደ ኤንቲኤፍኤስ መለወጥ ይሻላል። ፎርማት ማድረግ በላዩ ያለውን ሁሉ እንደሚያጠፋ አይዘንጋ።

ፕሮግራሙን መምረጥ

ገንዘብ የማይጠየቅባቸው በቂ ፕሮግራሞች አሉ። ክሎንዚላ በታይዋን ብሔራዊ የከፍተኛ ስሌት ማዕከል የሚሠራ፣ ለማንም ነጻ የሆነ ፕሮግራም ነው። ውበት የለውም፤ ገጹ ጥቁርና ሰማያዊ ጽሑፍ ብቻ ነው፤ ነገር ግን በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ በደንብ ይሠራል። ሬስኪውዚላ የክሎንዚላን ግልባጭ ማንበብ የሚችል፣ በማውስ የሚታዘዝ፣ ለጀማሪ የሚቀል ነው። ሁለቱም ዊንዶውስ ሳይነሣ ከፍላሽ ይነሣሉ። ዊንዶውስ እየሠራ ግልባጭ የሚያነሡም አሉ፤ ቪም ኤጀንትና ኤኦኤምኢአይ ባክአፐር ነጻ ቅጂ አላቸው። ቀድሞ ብዙ ሰው ይጠቀምበት የነበረው የማክሪየም ሪፍሌክት ነጻ ቅጂ ግን ድጋፉ እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ተቋርጧል። በዊንዶውስ ውስጥ ያለውን የራሱን የኢሜጅ መሣሪያም ማይክሮሶፍት ማሻሻል ካቆመ ቆይቷል።

የተሰበረ ቁልፍ ያለው የሚሸጥ ፕሮግራም በፍላሽ እየተላለፈ መጫን በዚህ ጉዳይ ፈጽሞ አያስፈልግም። መድኃኒቱን ከበሽታው ጋር መግዛት ነው።

ለአንድ ኮምፒውተር ብቻ ለሚጨነቅ ቢሮ የአዘጋጁ ምርጫ ሬስኪውዚላ ነው። ኮምፒውተሩ በጣም ካረጀ ወይም ሬስኪውዚላ አልነሣ ካለ ክሎንዚላ ይሞከራል። ከዚህ በታች ያለው አካሄድ በክሎንዚላ የተጻፈው ስሕተት የሚበዛው በእርሱ ላይ ስለሆነ ነው።

ግልባጩን ማንሣት

በመጀመሪያ ኮምፒውተሩን ማዘጋጀት ያስፈልጋል። አዳዲሶቹ ዊንዶውሶች ሲዘጉ በእውነት አይዘጉም፤ ቶሎ ለመነሣት ሲሉ ግማሽ ያህል እንቅልፍ ላይ ይሆናሉ። በዚህ ሁኔታ ላይ ያለን ዲስክ ክሎንዚላ ለማንበብ እምቢ ይላል። መፍትሔው የሺፍት ቁልፍን ተጭኖ ይዞ መዝጋት ነው። ቢትሎከር የተባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ ከበራ ደግሞ ባለ 48 አኃዝ የመክፈቻ ቁጥሩን በወረቀት ጽፎ መያዝ ግዴታ ነው፤ አዳዲስ ላፕቶፖች ባለቤቱ ሳያውቅ በርቶባቸው ሊመጡ ይችላሉ። ፒችትሪ ያለበት ኮምፒውተር ከሆነ፣ ፕሮግራሙ ራሱ የሚሠራውን የሒሳብ ባክአፕም በዚያው ዕለት ለይቶ ማውጣት ይጠቅማል።

ቀጥሎ ክሎንዚላን ከኢንተርኔት አውርደው ሩፎስ በተባለው ትንሽ ፕሮግራም ወደ ፍላሹ ይጻፉት። ፍላሹ ላይ ያለው ነገር ሁሉ ይጠፋል። ኮምፒውተሩን አጥፍተው፣ ፍላሹን ሰክተው፣ ሲያስነሡ የመነሻ ምርጫ የሚያወጣውን ቁልፍ ደጋግመው ይጫኑ፤ በዴልና በሌኖቮ ብዙውን ጊዜ ኤፍ 12፣ በኤችፒ ኤፍ 9 ነው። ከሚመጣው ዝርዝር ፍላሹን ይምረጡ።

ገጾቹ በእንግሊዝኛ ይጠይቃሉ። «ዲቫይስ ኢሜጅ» የሚለውን፣ ከዚያ «ሎካል ዴቭ» የሚለውን መርጠው ኤክስተርናል ዲስኩን ይሰኩ። ፕሮግራሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው ግልባጩ የሚቀመጥበትን ነው፤ የሚገለበጠውን የሚጠይቀው በኋላ ነው። ከዚያ «ቢጊነር»፣ ቀጥሎም «ሴቭዲስክ» ይመረጣል። ሴቭ ማለት ማስቀመጥ ነው፤ ከእርሱ በታች ያለው ሪስቶር ማለት ደግሞ መመለስ፣ ማለትም በዲስኩ ላይ ያለውን አጥፍቶ በላዩ መጻፍ ነው። ሁለቱን ቃል ያምታታ ሰው ሊያድነው የተነሣውን ዲስክ በገዛ እጁ ሊደመስስ ይችላል። እንግሊዝኛው የሚከብደው ሰው ሁለቱን ቃል በወረቀት ገልብጦ አጠገቡ ያስቀምጥ። ፕሮግራሙ ዲስኮቹን የሚጠራቸው በስማቸው ሳይሆን በምሕፃረ ቃል ስለሆነ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ በመጠናቸውና በአምራቹ ስም መለየት ይገባል። ለዚህም ነው የኮምፒውተሩንና የኤክስተርናሉን መጠን አስቀድሞ ማወቅ የሚያስፈልገው።

ግልባጩ ስም ሲጠየቅ የኮምፒውተሩን መጠሪያና ቀኑን መስጠት ይበቃል። በመጨረሻ ፕሮግራሙ ግልባጩ ሊመለስ የሚችል መሆኑን ይመርምር እንደሆነ ይጠይቃል፤ ጊዜ ቢወስድም አዎ ማለት ነው።

መብራት በመካከል ቢሄድስ? ግልባጭ በማንሣት ላይ ከሆነ የኮምፒውተሩ ዲስክ ስለሚነበብ እንጂ ስለማይጻፍበት አይጎዳም፤ ግልባጩ ግን ጎደሎ ነውና ተደምስሶ እንደገና ይጀመራል። በመመለስ ላይ ከሆነ ግን የሚጻፍበት ዲስክ ግማሽ ሆኖ ይቀራል፤ ከመጀመሪያው መድገም ነው። ላፕቶፕ ባትሪው ይይዘዋል፤ ዴስክቶፕ ላለው ዩፒኤስ ያስፈልገዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ሃርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ማሰማት ከጀመረ ወይም ኮምፒውተሩ ፋይል ለመክፈት ደቂቃዎች የሚወስድበት ከሆነ፣ ደጋግሞ ግልባጭ ለማንሣት መሞከር የቀረውን ዕድል መጨረስ ነው። አጥፍቶ ወደ ባለሙያ መውሰድ ይሻላል። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ዲስኩ ገና ሳይሞት የጤናውን ሁኔታ ያሳያል፤ ቢጫ ምልክት ካሳየ ግልባጩን ለነገ ማሳደር አይገባም።

መመለስና መፈተሽ

ተመልሶ ያልታየ ግልባጭ ተስፋ እንጂ መጠባበቂያ አይደለም። የሚሻለው ፈተና መጠኑ ከመጀመሪያው እኩል ወይም የሚበልጥ ያገለገለ ሃርድ ዲስክ ገዝቶ፣ የኮምፒውተሩን ዲስክ አውጥቶ፣ ያንን ተክቶ፣ ግልባጩን በእርሱ ላይ መመለስ ነው። ኮምፒውተሩ ተነሥቶ፣ ፒችትሪ ተከፍቶ፣ ያለፈው ወር ሒሳብ ከታየ ሥራው ተሠርቷል። ያ ዲስክ በዚያው ተለዋጭ ሆኖ በመሳቢያ ይቀመጣል።

እኩል ወይም የሚበልጥ ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። ክሎንዚላ ከ500 ጊጋባይት ዲስክ የተነሣን ግልባጭ ወደ 240 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ለመመለስ በተለመደው አካሄድ አይፈቅድም፤ በውስጡ ያለው መረጃ 100 ጊጋባይት ብቻ ቢሆንም እንኳ። ኮምፒውተሩን ለማፋጠን ትንሽ ኤስኤስዲ የሚገዙ ሰዎች በዚህ ይቸገራሉ። አስቀድሞ የዲስኩን ክፍልፋይ ማሳጠር ያስፈልጋል።

ግልባጩን ወደ ሌላ ዓይነት ኮምፒውተር መመለስም ሁልጊዜ አይሳካም። ዊንዶውስ የአዲሱን ማሽን ክፍሎች ላያውቅ ይችላል፤ ፈቃዱም ከአሮጌው ማሽን ጋር የተሳሰረ ከሆነ እንደገና ይጠይቃል። በአሮጌው የባዮስ ሥርዓት የተጫነ ዊንዶውስ አዲሱን ሥርዓት ብቻ በሚያውቅ ኮምፒውተር ላይ ፈጽሞ አይነሣም። ሰነዶቹ ግን ከግልባጩ ውስጥ ይወጣሉ፤ ሬስኪውዚላ ግልባጩን ከፍቶ አንድ ፋይል ለይቶ ለማውጣት ያስችላል።

የዊንዶውስ 10 ተጠቃሚዎች የሚያውቁት አንድ ቀን አለ፦ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.። በዚያ ዕለት ማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉን አቁሟል። ወደ ዊንዶውስ 11 ለመሸጋገር የሚሞክር ሁሉ ከሽግግሩ በፊት ሙሉ ግልባጭ ቢያነሣ፣ አዲሱ አሮጌውን የሒሳብ ፕሮግራም አልቀበልም ቢለው ወደነበረበት መመለስ ይችላል።

ማን ይይዘዋል?

ሙሉ ግልባጭ ሁሉንም ነገር ይይዛል ማለት የሰውንም ምሥጢር ይይዛል ማለት ነው። የማኅበር ኮምፒውተር የአባላትን ስም፣ ስልክ፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥርና የመሬት መጠን ይዟል፤ በአዋጅ ቁጥር 1321/2016 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ ሕግም እንዲህ ያለውን መረጃ የሚይዝ አካል እንዲጠብቀው ያስገድዳል። ክሎንዚላ ግልባጩን በይለፍ ቃል ለመቆለፍ ይጠይቃል። የይለፍ ቃሉ ከጠፋ ግን ግልባጩን የሚከፍት ባለሙያ የለም፤ ስለዚህ በታሸገ ፖስታ በሰብሳቢው ወይም በተቆጣጣሪ ኮሚቴው እጅ ይቀመጥ።

ለቡና አምራቾች ይህ ነገር ከሁለተኛ ክፍያም አልፏል። እ.ኤ.አ. በ2023 የጸደቀው የአውሮፓ ኅብረት የደን ጭፍጨፋ ደንብ፣ ተግባራዊ የሚሆንበት ጊዜ ቢራዘምም፣ ወደ ኅብረቱ የሚገባ ቡና የበቀለበት ማሳ መገኛ በሳተላይት ነጥብ እንዲታወቅ ይጠይቃል። ማሳው ከ4 ሄክታር በላይ ከሆነ ዙሪያው መለካት አለበት፤ መሬቱም ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. በኋላ ደን ተመንጥሮበት ያልተገኘ መሆን አለበት። አስመጪው ማስረጃውን ለ5 ዓመት መያዝ ይጠበቅበታል። ባለሙያዎች ከማሳ ማሳ እየዞሩ የሚሰበስቡት ይህ ነጥብ በአንድ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ካለና ላፕቶፑ ከሞተ፣ ልኬቱን እንደገና መዞር ነው።

ከዚህ አንጻር አርሶ አደሩ በጠቅላላ ጉባኤ ሊጠይቃቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ። የማኅበሩ ኮምፒውተር ግልባጭ አለ ወይ? መቼ ተነሣ? በማን ቤት ነው ያለው? ተመልሶ ታይቷል ወይ? እነዚህን ለመጠየቅ ኮምፒውተር ማወቅ አያስፈልግም። የራሱን ደረሰኝ ደግሞ በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ለልጁ ወይም ለጎረቤቱ መላክ ይችላል፤ ይህም በራሱ ቅጂ ነው።

ስንት ጊዜ ይነሣ ለሚለው፣ በለቀማ ወራት በየወሩ አንድ ሙሉ ግልባጭ፣ በየምሽቱ ደግሞ የዕለቱን የሒሳብ ፋይል ብቻ ወደ ፍላሽ መቅዳት ለአንድ ማኅበር ይበቃል። አዲሱ ግልባጭ ሲነሣ አሮጌውን ወዲያው መደምሰስ አይገባም። ቫይረስ ሳይታወቅ ገብቶ ከሆነ ግልባጩ ቫይረሱንም ገልብጦታልና፣ ቢያንስ የሦስት ወር ግልባጭ ወደኋላ መያዝ ያስፈልጋል። በእያንዳንዱ ዲስክ ላይ በፕላስተር የኮምፒውተሩ ስም፣ ቀኑና ያነሣው ሰው ስም ይጻፍ። የመጀመሪያውን ሙሉ ግልባጭ ለማንሣት የሚመቸው ጊዜ ነሐሴና ጳጉሜን ነው፤ የዓመቱ ሒሳብ ተዘግቶ፣ የመጀመሪያው እሸት ቡና ሚዛን ላይ ሳይወጣ።